ጨው፣ ስኳርና ውሃ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ፣ ጳጉሜን ልትገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሯት፣ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጄን ተቅማጥ ያዛት። እናቷ ሥራ ላይ ነበረችና ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ነርሷ የሕፃኗን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች፤ ዓይኗንና አፏን አየች፤ ስታለቅስ እንባ ይወጣት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያም የዚንክ እንክብልና ጥቂት ትንንሽ ከረጢቶች ሰጠችኝ። "አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡት፤ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ይስጧት፤ ጡትም ምግብም እንዳይቋረጥባት" ብላ ሸኘችን። ነገሩ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩና አንድ ሊትር ሃይላንድ ሞላሁ፤ ከረጢቱን በመቀስ ቀድጄ ነጩን ዱቄት ጨመርኩና ወዘወዝኩት። እናቴ ከረጢቱ ጫፍ ላይ የቀረውን ዱቄት በጣቷ ነክታ ቀመሰች።

"ምንድን ነው ያለበት?" አለችኝ።

የከረጢቱን ጀርባ አነበብኩና "ዋናው ጨውና ስኳር ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ዝም አለች። ልጅቱ ስምንት ዘጠኝ ማንኪያ እስክትጠጣ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣትም። በኋላ ግን፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ባልለየሁት ድምፅ፣ "ጨውና ስኳርማ ያኔም ቤቴ ነበረ" አለች።

"ያኔ" ማለት ጥቅምት 1973 ዓ.ም. ነው። እኔ ገና አልተወለድኩም። እናቴ የ19 ዓመት ወጣት ሆና ደብረ ሲና ትኖር ነበር። የበኩር ልጇ፣ እኔ በዓይኔ ያላየሁት ታላቅ ወንድሜ፣ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበረ። ተቅማጥ ሲይዘው "ግግ ነው" ተባለና ድዱ ተከፍቶ ግጉ ወጣለት። ተቅማጡ ግን አልቆመም። ውሃ ሲሰጡት ያስመልሰዋል፤ ያልወጣው ደግሞ በታች ይወርዳል። አያቴ ስምንት ልጆች ወልዳ አምስቱን ያሳደገች ሴት ነበረች፤ በሰፈሩም ቃሏ የሚሰማ። "ውሃ ባጠጣሽው ቁጥር ይፈስሰዋል፤ ሆዱ ይረፍ" አለች። ስለዚህ ውሃ ተከለከለ። እናቴ ዛሬም ድረስ የምታስታውሰው ልቅሶውን አይደለም፤ እያደር ማልቀሱን ትቶ ነበርና። የምታስታውሰው፣ እሷ ለራሷ ውሃ ስትጠጣ ዓይኑ ከጣሳው ላይ አለመነሣቱን ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ሕክምና ስትወስደው መንገድ ላይ ዐረፈ።

ይህን ታሪክ በልጅነቴም ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ የሚያበቃው "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ" በሚለው ነበር። በዚያች ዕለት ግን፣ ያቺ የጨውና የስኳር ከረጢት፣ ለ40 ዓመታት የእግዚአብሔር የነበረውን ፍርድ ወደ እናቴ ጓዳ አዛወረችው። መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ መልስም አልነበረኝም። እውነት መድኃኒቱ ያኔም ቤቷ ነበረ? ያንን ለማወቅ ስል ማንበብ ጀመርኩ። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የሚከተለው ያገኘሁት ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን "ዓ.ም." እላለሁ።

የላታ መርፌ

ለመሆኑ ሰው በተቅማጥ ሲሞት የሚገድለው ምኑ ነው? ጥያቄው ዛሬ ቀላል ይመስላል። ከጎልማሳ ሰው ክብደት ከመቶ 60 ያህሉ፣ ከአራስ ሕፃን ደግሞ ከመቶ 75 ያህሉ ውሃ ነው። ጤነኛ ሰው በሽንት፣ በላብና በትንፋሽ ያጣውን በመጠጥና በምግብ እየተካ ይኖራል፤ ጥማት የተሰጠንም ለዚሁ ነው። በኮሌራ ክፉኛ የተያዘ ጎልማሳ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ከውሃው ጋር ጨው ይወጣል። ደም ይወፍራል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ኩላሊት ይዝላል። ዓይን ይሰረጉዳል፣ የሕፃን እርግብግቢት ይሰምጣል፣ ቆንጥጠው የለቀቁት ቆዳ ቶሎ አይመለስም። ሕመምተኛውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚገድለው የፈሳሹና የጨው ማለቅ ነው።

ይህን ግን ለረጅም ዘመን የተረዳው ሐኪም ጥቂት ነበር። በ1831 መጨረሻ ኮሌራ ከእስያ ተነሥቶ እንግሊዝ ሲገባ፣ የአውሮፓ ሐኪሞች ለሕመምተኛው ያደርጉለት የነበረው ነገር ዛሬ ሲነበብ ይዘገንናል። ፈሳሹ አልቆ ደሙ የወፈረውን ሰው በዋግምት በጥተው ደሙን ያፈሱታል፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ያጠጡታል። ውሃ እየለመነ የሚከለከልም ነበረ። አያቴ ከእነዚያ የተማሩ ሰዎች የባሰ ነገር አላደረገችም።

የመጀመሪያውን ትክክለኛ ሐሳብ ያመጣው ገና 22 ዓመቱ የነበረ አየርላንዳዊ፣ ዊልያም ኦሾኔሲ ነው። የኮሌራ ሕመምተኞችን ደም መርምሮ ውሃውና ጨው መጉደሉን አረጋገጠ፤ የጎደለውን መመለስ ይገባል ብሎም ጻፈ። በግንቦት 1832 ቶማስ ላታ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም፣ ሊዝ በምትባለው የወደብ ከተማ፣ ነገሩን በተግባር ሞከረው። የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ሁሉም ተስፋ የቆረጠባት አሮጊት ነበረች። ጨው የተበጠበጠበትን ውሃ በደም ሥሯ በኩል ቀስ እያለ ጨመረላት። ከሦስት ሊትር በላይ ከገባላት በኋላ ገጽታዋ ተመለሰ፤ መናገር ጀመረች። ላታም ድካም ስለተሰማው ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ብሎ ሄደ። ነገር ግን ተቅማጡ አገረሸባት፤ ፈሳሹን የሚደግምላት አልተገኘም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞተች።

ላታ ከዚያ በኋላ ያከማቸው ማስረጃ ታትሟል፤ የዳኑም ነበሩ። ይሁንና በዚያ ዘመን ይህ ሕክምና የሚሰጠው ለመሞት ለተቃረቡት ነበር፤ ውሃውም መርፌውም ከተዋሲያን ያልጸዳ ነበር። ላታ ራሱ በተከታዩ ዓመት ሞተ። ወረርሽኙም ሲያልፍ ሐሳቡ አብሮ ተረሳ።

ቆራጣ ላይ

መረሳቱ ምን ያህል እንዳስከፈለ ለማየት ወደ አገራችን እንመለስ። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ጣና ዳር፣ ቆራጣ ላይ ከነሠራዊታቸው ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ገባ። ሰዉ በየቀኑ ያልቅ ጀመር። በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሄንሪ ብላንክ የሚባል ሐኪም ነበር፤ በኋላም ያየውን በመጽሐፍ ጽፎታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ምክር ቢጠይቁት ሰፈሩን ለቀው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ፣ ሠራዊቱንም እንዲበታትኑት መከራቸው። እሳቸውም ምክሩን ተቀበሉ፤ ወረርሽኙም ውሎ አድሮ ቆመ።

ምክሩ በጊዜው መልካም ምክር ነበረ። ጤነኛውን ከተበከለው ሰፈርና ከተበከለው ውሃ አርቆታል። አስቀድሞ ለታመመው ግን የሚሆን ነገር አልነበረውም። ላታ በደም ሥር ፈሳሽ ከሰጠ 34 ዓመት አልፎ ነበር፤ ጣናም እዚያው ነበረ። በውሃ ዳር ሆነው ውሃ አልቆባቸው የሞቱት ወታደሮች ብዛት ሲታሰብ፣ የእናቴ ጥያቄ የእሷ ብቻ ጥያቄ አለመሆኑ ይገባናል።

የተዘጋው በርና የተከፈተው በር

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሊዮናርድ ሮጀርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ካልካታ ውስጥ የላታን መንገድ አሻሽሎ አነሣው፤ የሟቹንም ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ግሉኮስ እያልን የምንጠራው ዐይነት ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲህ የኮሌራ ዋና ሕክምና ሆነ። ግን መርፌ ይጠይቃል፤ የጸዳ ጠርሙስ ይጠይቃል፤ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። አንድ ሕመምተኛ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ሊትር ይፈልጋል። ኮሌራ ደግሞ የሚመርጠው በትክክል እነዚህ ነገሮች የሌሉበትን ሰፈር ነው።

ታዲያ ለምን በአፍ አይሰጥም? መልሱ ከአያቴ መልስ ጋር አንድ ነበረ፤ "ሆዱ አይቀበልም፤ ይረፍ።" በሃያኛው መቶ ዓመት በትልልቅ ሆስፒታሎች ጭምር ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ከምግብ ከልክሎ አንጀቱን ማሳረፍ የተለመደ ሕክምና ነበር። በ1953 ሄሜንድራ ናት ቻተርጂ የተባለ የካልካታ ሐኪም ጨውና ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ በአፍ ሰጥቶ 186 የኮሌራ ሕመምተኞችን እንዳከመ በታወቀው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በላንሴት ጽፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ግን የተከተለው አልነበረም።

ቁልፉ የተገኘው ስለ ኮሌራ ከማያጠና ሰው ዘንድ ነው። በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ፕራግ ላይ በተደረገ ስብሰባ፣ ስኳር በአንጀት ግድግዳ እንዴት እንደሚያልፍ ሐሳቡን አቀረበ። በአንጀት ሕዋሳት ላይ ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየምና ግሉኮስን አጣምሮ የሚያስገባ በር አለ። ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። የኮሌራ መርዝ አንጀት ፈሳሽ እንዲያፈስ ያደርገዋል እንጂ ይህን በር አይዘጋውም። ተራ ውሃ ብቻውን የማይበቃው፣ ጨው ያለበት ውሃም ያለ ስኳር የማይረባው ለዚህ ነው።

ነገሩን ማወቅና መጠኑን ማወቅ ግን ይለያያሉ። ሮበርት ፊሊፕስ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም በ1962 ማኒላ ላይ የጨውና የግሉኮስ ብጥብጥ ለሕመምተኞች በአፍ ሰጠ። ብጥብጡ በዝቶና ወፍሮ ስለነበር ከ30ዎቹ አምስቱ ሞቱበት። ይህም ፊሊፕስን ለብዙ ጊዜ ፈሪ አደረገው። በኋላ ዳካ ውስጥ በ1960 የተቋቋመው የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ ኃላፊ ሲሆን፣ በሥሩ ያሉ ወጣቶች ያንኑ እንደገና እንሞክር ሲሉት በቀላሉ እሺ አላለም።

ወጣቶቹ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ ይባላሉ፤ ሁለቱም 30 ዓመት ያልሞላቸው አሜሪካውያን ሐኪሞች ነበሩ። ከቤንጋሊ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1968 የደረሱበት ሐሳብ ሲሰሙት ከቁም ነገር የሚቆጠር አይመስልም፤ ሕመምተኛው ያጣውን መለካት፣ ከዚያም ያንኑ ያህል መልሶ ማጠጣት። አልጋው መሃሉ ተቀድዶ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፤ ባልዲው ይለካል፤ የተለካውን ያህል በጽዋ ይሰጣል። በ29 ሕመምተኞች ላይ ያደረጉት ሙከራ፣ በደም ሥር ከሚሰጠው ፈሳሽ ከመቶ 80 ያህሉ ሊቀር እንደሚችል አሳየ። ውጤቱ በዚያው ዓመት ነሐሴ በላንሴት ታተመ። ከላታ መርፌ እስከ ናሊንና ካሽ ጽዋ 136 ዓመት መሆኑ ነው።

ቦንጋኦን፣ 1971

ሐኪሞች ሁሉ ግን በዚህ አላመኑም። በሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪም ባልዲ እየለካ የሚሠራው ነገር፣ መሃይም እናት እጅ ላይ አደገኛ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ክርክሩን የፈታው ጦርነት ነው።

በ1971 የዛሬዋ ባንግላዴሽ ከፓኪስታን ለመገንጠል ስትዋጋ 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ። ድንበር ላይ ባለችው ቦንጋኦን 350,000 ያህል ስደተኛ ሰፈረ፤ ክረምቱ ገባ፤ ኮሌራ ተነሣ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ከካልካታ የመጣ የሕፃናት ሐኪም እዚያ ደርሶ ያየው፣ ሁለት ክፍል ሙሉ ወለል ላይ የተኙ፣ ከመቶ 30 ገደማ የሚሞቱ ሰዎችን ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ።

ማሃላናቢስ ወሰነ። ካልካታ ውስጥ፣ ይሠራበት በነበረው የምርምር ማዕከል፣ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም የዳቦ ሶዳ እየተመዘነ በከረጢት ታሸገ። ቦንጋኦን ላይ በውሃ እየተበጠበጠ ቧንቧ በተገጠመላቸው በርሜሎች ተሞላ። ያጠጡት ነርሶች አልነበሩም፤ አይበቁም ነበርና። ያጠጡት እናቶች፣ እኅቶች፣ አባቶችና ባሎች ናቸው። በርሜሉ አጠገብ ተሰልፈው ጽዋቸውን ይቀዳሉ፤ ወደ ታማሚያቸው ይመለሳሉ፤ ሲጠማው ያጠጡታል። በሁለት ወር ውስጥ ከ3,700 በላይ ሰዎች ታከሙ። የሟቹ ቁጥር ከመቶ 3.6 ሆነ።

ማሃላናቢስ ውጤቱን ጽፎ ቢልክ በመጀመሪያ አልታተመለትም፤ የወጣለት በ1973 ነው። በ1978 ግን ላንሴት በርዕሰ አንቀጹ ግኝቱን የመቶ ዓመቱ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሊሆን የሚችል አድርጎ ገመገመው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም በየአገሩ ያሰራጩት ጀመር። ማሃላናቢስ በ2022 ጥቅምት ውስጥ ዐረፈ፤ ከሕንድ ታላላቅ ሽልማቶች አንዱን መንግሥት የሰጠው ከሞተ ከወራት በኋላ ነው። እሱና ባልደረቦቹ የጀመሩት ነገር ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያተረፈው ሕይወት 70 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል።

ከቤት ወደ ቤት

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የእናቴን ጥያቄ አይመልስም። ከረጢቱ ቢታወቅም ወደ ገጠር የሚያደርሰው አልነበረም፤ ወረቀት ላይ ያለ እውቀትም በጣሳ አይጠጣም።

ነፃ በወጣችው ባንግላዴሽ፣ ፋዝሌ ሐሰን አቤድ የመሠረተው ብራክ የሚባል ድርጅት ሌላ መንገድ ያዘ። ከረጢት ከመጠበቅ እናቶች ጓዳቸው ካለው ነገር እንዲያዘጋጁት ማስተማር። በሦስት ጣት ቆንጠር የተደረገ ጨው፣ አንድ ጭብጥ ጉር የሚባለው ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ያልተጣራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ። ሴት ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ እያንዳንዷን እናት ለብቻዋ፣ በገዛ ማሰሮዋና በገዛ እጇ እያሠሩ አስተማሩ። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ይመጣና ከተማሩት መካከል ጥቂቶቹን መርጦ ይጠይቃል፤ ብጥብጡንም አሠርቶ ጨዉን በላቦራቶሪ ያስመረምራል። የአስተማሪዋ ደመወዝ የሚታሰበው ተማሪዋ ባስታወሰችው ልክ ነው።

በመጀመሪያ እናቶቹ በደንብ ያውቁታል፤ ግን የሚጠቀሙት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ለምን ተብሎ ሲጣራ አስተማሪዎቹ ራሳቸው አላመኑበትም ነበር፤ ሲታመሙም አይጠጡትም። እንደገና ተጠርተው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ታዩ፤ በእናቶቹም ፊት ራሳቸው እንዲቀምሱት ተደረገ። ወንዶቹም በየመንደሩ ተሰብስበው ተነገራቸው፤ የቤቱን ስኳር ማን እንደሚገዛ የታወቀ ነውና። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተዳረሱ።

ይህ ከቤት ወደ ቤት የሚደረግ ጉዞ የተጀመረው በ1980 ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሳነብ እጄ ቆመ። የ1980 ጥቅምት በእኛ ጥቅምት 1973 ዓ.ም. ነው። እናቴ ደብረ ሲና ላይ ልጇን አቅፋ ስትቀመጥ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ የእሷ ቢጤ ሴት በጓዳዋ ተቀምጣ ጨው በሦስት ጣቷ መቆንጠር እየተማረች ነበር።

በእኛ ቤት

በአገራችን ያ ጉዞ እንደዚያ ተስፋፍቶ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ተመድበው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለውን ከረጢት ገጠር አድርሰዋል። ዚንክም ተጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2004 ከረጢቱ ከዚንክ ጋር እንዲሰጥ አስታውቀዋል፤ የተቅማጡን ቀን ያሳጥራልና። የብጥብጡ መጠንም ተስተካክሏል፤ ዛሬ በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው ነው፤ ከድሮው ይልቅ ቀለል ያለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ተቅማጥ ይዟቸው ከነበሩ ሕፃናት መካከል ከረጢቱ የተሰጣቸው ከግማሽ በታች ነበሩ። ውሃ ከወትሮው የተቀነሰባቸውም ጥቂት አልነበሩም። አተት የሚል ስም ያወጣንለት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የተማረው የከተማ ሰው እንኳ "ሆዱን እናሳርፈው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዓለም ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በየዓመቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ የነበረው በተቅማጥ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዷል። እነዚያ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ግን አብዛኞቹ የሚሞቱት መድኃኒቱ እያለ ነው።

ስለዚህ ለአንባቢ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ውሃ አይከልክሉት፤ ጡትም አይንፈጉት። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ይታገሡና በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ከረጢት ቢጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ልሙጥ የሆነ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። የጨው መብዛት አደጋ ነው፤ ማኒላን ያስታውሷል። ከማጠጣትዎ በፊት ይቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይድፉትና እንደገና ይሥሩት። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ያነበብኩትን ሁሉ ለእናቴ የነገርኳት በመስከረም፣ ቡና እየፈላ ሳለ ነው። ስለ ላታ አሮጊት ነገርኳት፤ ስለ ቆራጣ ነገርኳት፤ ስለ ባልዲውና ስለ ጽዋው ነገርኳት። በመጨረሻም፣ "እማዬ፣ ጨዉና ስኳሩ ቤትሽ ነበረ፤ መድኃኒቱ ግን ቤትሽ አልነበረም። መድኃኒቱ መጠኑ ነው። እሱንም ያኔ ደብረ ሲና የነገረሽ አልነበረም። ያወቁት ሰዎችም እስኪያውቁት 136 ዓመት ፈጅቶባቸዋል" አልኳት።

ጥቂት ካሰበች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ አልነበረም።

"ታዲያ እናቴም አታውቅም ነበር ማለት ነው" አለች፤ "እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዘመን በልቤ እሷን ነው የማማት።"

አያቴ ከሞተች 20 ዓመት ሊሆናት ነው። እናቴ ስኒዋን አስቀመጠችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ይህን ያህል ያነበብኩት እናቴን ከወቀሳ ላድን ብዬ ነበር፤ የዳነችው ግን አያቴ ሆነች።

ልጄ ከሦስት ቀን በኋላ ተሽሏት ነበር። በዚያው ሰሞን ግን የጎረቤታችን ልጅ ታሞ እናቱ ወደ እኛ ስትመጣ፣ ከቁም ሳጥኑ የቀረችውን ከረጢት አውጥታ ሃይላንዱን የለካችው እናቴ ናት። ወዘወዘችው፤ በማንኪያ ጥቂት ቀዳችና ቀመሰችው፤ "እንባ ያህል ነው፤ ደህና ነው" ብላ ሰጠቻት። ልጅቷ ልትሄድ ስትል ደግሞ በር ላይ ጠራቻት።

"ውሃ እንዳትከለክዪው፣ እሺ? ማንም ቢልሽ።"